ሬዲዮዬ ሳልናገር ከረንቱ ይወጣል፤ ልጠግነው ወይስ ልሽጠው?

ጥያቄው ከሜሪላንድ የመጣ ነው። ጠያቂያችን በቅርቡ የጄነራል ደረጃ የአማተር ሬዲዮ (ለትርፍ ሳይሆን ለፍላጎት የሚሠራ የሬዲዮ ግንኙነት) ፈቃድ አውጥተዋል። ያገለገለ ኬንዉድ ቲኤስ-520ኤስ የተባለ መቀበያና ማስተላለፊያ ሬዲዮ በርካሽ አግኝተው ገዙ። ሲሰሙበት እንከን የለውም። ለማስተላለፍ ሲጫኑት ግን ማይኩ ላይ አንድ ቃል ሳይናገሩ የፕሌት ከረንቱ (በማስተላለፊያው ቲዩቦች ውስጥ የሚያልፈው) ከ60 ሚሊአምፔር ተነስቶ እየወጣ 150ን ያልፋል። ባያሱን፣ ማለትም የከረንቱን ልክ ማስያዣውን፣ ቢያዞሩም አልወርድ አለ። ጓደኞቻቸው «ይህን አሮጌ ጣልና አዲስ ግዛ» ብለዋቸዋል። እሳቸው ግን ወደውታል። ምኞታቸው አዲስ አበባ 5 ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤን በዚህ ሬዲዮ ማግኘት ነው።

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ማስተላለፉን ዛሬውኑ ያቁሙ። መስማት ካማረዎት ፊት ለፊት ያለውን «ሂተር» የሚል ማብሪያ ያጥፉና ይስሙ። የዚህ ሬዲዮ መቀበያ ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር ነው የሚሠራው፤ የማስተላለፊያውን የብርጭቆ ቲዩቦች አይፈልግም። በዚህ ሁኔታ ማስተላለፍ ከቀጠሉ ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ቲዩቦች ያቃጥሏቸዋል። በቲዩቦቹ ቤት ቀዳዳ አጮልቀው ቢያዩ ውስጣቸው ያለው ብረት፣ ፕሌቱ፣ እንደ ፍም ሲቀላ ያገኙታል። እዚያ ከደረሰ የቲዩቡ ዕድሜ በሰከንዶች ነው የሚቆጠረው።

አሁን ወደ በሽታው። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለቱ ቲዩቦች ኤስ2001ኤ ይባላሉ፤ የ6146ቢ ዘመዶች ናቸው። ከእነሱ ፊት 12ቢዋይ7ኤ የተባለ ገፊ ቲዩብ አለ። በገፊው ፕሌት ላይ ወደ 300 ቮልት ዲሲ (አቅጣጫውን የማይቀያይር ቮልቴጅ) ይቆማል። የመጨረሻዎቹ ቲዩቦች ግሪድ (ከረንቱን የሚቆጣጠረው የቲዩቡ ክፍል) ላይ ደግሞ ከረንቱን ልክ የሚያስይዘው ኔጋቲቭ ቮልቴጅ፣ ባያስ የምንለው፣ አለ። በሁለቱ መሀል ያለችው አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ናት። ሥራዋ የሬዲዮውን ሞገድ ማሳለፍና ዲሲውን ማገድ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ከሠራች በኋላ ታረጅና ታፈሳለች። ያ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ትንሽ ትንሽ እያለ ግሪዱ ላይ ይደርስና ኔጋቲቩን ይበላዋል። ቲዩቡ ልጓም አጣ ማለት ነው። በዘመኑ ተፎካካሪ በያዙ ኤፍቲ-101 ላይም ይኸው በሽታ የታወቀ ነው።

እርግጥ ሌሎች ተጠርጣሪዎችም አሉ። ራሱ የባያስ አቅርቦቱ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሩ ደርቆ ወይም የባያስ መቆጣጠሪያው ቆሽሾ። ወይም ቲዩቦቹ ውስጥ ጋዝ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን ለመለየት የሚያስፈልግዎ አንድ ዲጂታል ቴስተርና ትዕግሥት ነው።

ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ግን ይህን በደንብ ያንብቡ። ውስጡ ወደ 800 ቮልት አለ። ይህ ነዝሮ የሚተው አይደለም፤ ይገድላል። ሬዲዮውን ከሶኬት ቢነቅሉትም ትላልቆቹ ካፓሲተሮች ቮልቴጁን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ነቅለው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ ጫፎቹ በደንብ በተሸፈኑ ሽቦዎች የ10 ኪሎኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር በሃይ ቮልቴጁና በሻሲው (በሬዲዮው የብረት አካል) መሀል አገናኝተው ያፍስሱት። በቴስተር ዜሮ መሆኑን ሳያዩ ጣትዎን አያስገቡ። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ። መብራት ባለበት ሲለኩ አንድ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ። ብቻዎን ሆነው በእኩለ ሌሊት አይሥሩት፤ ቤት ውስጥ ሰው ይኑር።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ሬዲዮው ጠፍቶ ሳለ የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ ሻሲው ላይ፣ ቀዩን የአንዱ ቲዩብ ግሪድ ላይ ቆንጥጠው ያስሩ። እጅዎን ካወጡ በኋላ ያብሩት። ማስተላለፍ ሳይጫኑ፣ መቀበል ላይ እንዳለ የኔጋቲቭ ቮልቴጁን ንባብ ይጻፉ። ያጥፉ፣ ያፍስሱ። አሁን የዚያችን ካፓሲተር አንድ እግር በሶልደር ያላቅቁና እንደገና ይለኩ። ቮልቴጁ በግልጽ ወደ ኔጋቲቭ ከጨመረ ሌባዋን ያዟት። ካልጨመረና ንባቡ የጥገና መጽሐፉ ከሚለው ያነሰ ከሆነ የባያስ አቅርቦቱን ይፈትሹ። ንባቡ በሁለቱም ጊዜ ልክ ከሆነና ከረንቱ በማስተላለፍ ጊዜ ብቻ ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ ጥርጣሬዬ ወደ ቲዩቦቹ ይዞራል።

በእኔ እምነት ካፓሲተሯ ጥፋተኛ ሆነችም አልሆነች ትለወጥ። ዋጋዋ የአንድ ቡና አይሞላም፤ የቲዩቦቹን ነፍስ ግን የያዘችው እሷ ናት። ልኳ ስኬማቲኩ (የሬዲዮው የኤሌክትሪክ ንድፍ) ላይ የተጻፈው ይሁን፤ የምትችለው ቮልቴጅ ከ1000 አይነስ። ከዚያ ያለ ድምፅ የሚፈሰውን ከረንት በባያሱ ወደ 60 ሚሊአምፔር ይመልሱ። ቲዩብ ከለወጡ ኒውትራላይዝ ማድረግ፣ ማለትም ቲዩቡ የራሱን ሞገድ እንዳያመነጭ ማመጣጠን፣ ግዴታ ነው። ሲያስተካክሉም ወደ አንቴና ሳይሆን ወደ ደሚ ሎድ (ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ የአንቴና ምትክ) ያስተላልፉ፤ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ አይለፉ፤ በመሀል ያሳርፉት።

«ልጠግነው ወይስ ልሽጠው» ላሉት፣ ይጠግኑት እላለሁ። ይህን የምለው ትዝታ ይዞኝ አይደለም። ይህ ሬዲዮ በሰው እጅ የሚጠገን ነው። እያንዳንዱ ክፍል በዓይን ይታያል፣ በቴስተር ይለካል፣ በሶልደር ይለወጣል። አሮጌ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ከእሱ በኋላ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጡት ብዙዎቹ ባለ ኮምፒውተር ናቸው። አይኮም አይሲ-751ን ብንወስድ፣ የሚሠራበት ፕሮግራም በአንዲት ትንሽ ባትሪ የሚጠበቅ ራም (ኃይል ሲያጣ የሚጠፋ ማስታወሻ) ላይ ነው። ባትሪዋ ስትሞት ሬዲዮውም ደነዘ። የኬንዉድ ቲኤስ-440ኤስ ደግሞ ውስጡ የተቀባው ማጣበቂያ በጊዜ ብዛት ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምርና ፍሪኩዌንሲው ቀርቶ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ብቻ ይቀራል። ይህም ይድናል፤ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። የእርስዎን ሬዲዮ መማሪያ የሚያደርገው ይኸው ግልጽነቱ ነው። በላዩ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቁልፍ አለው፤ ሜኑ ውስጥ መዳከር የለም። አንቴናዎ ትንሽ ልኩን ቢስትም «ፕሌት» እና «ሎድ» የሚሉትን አዙረው ያግባቡታል።

ጉድለቱንም ልንገርዎት። የ30፣ የ17 እና የ12 ሜትር ባንዶች (የሞገድ ክልሎች) የሉትም። እነሱ ለአማተር የተፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ1979 በጄኔቭ ጉባኤ ነው፤ ሬዲዮዎ የተነደፈው ከዚያ በፊት ነው። እነሱን ከፈለጉ በ1980 የወጣውን ቲኤስ-830ኤስ ይፈልጉ፤ እሱም ባለ ቲዩብ ነው። በ20 እና በ15 ሜትር ላይ ግን የእርስዎ 100 ዋት፣ ሞገዱ በተመቸበት ሰዓት፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ይበቃል። ኢቲ3ኤኤ 17 ሜትር ላይ ቢወጡ ግን አይሰሟቸውም።

ሌላው ፍሪኩዌንሲው መንሸራተቱ ነው። ከበራ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይሙቅ። ቀስ ብሎ መንሸራተት የሙቀት ነገር ነው። በድንገት መዝለል ከጀመረ ግን ፍሪኩዌንሲ መምረጫው የሚያዞረው ካፓሲተር ከሻሲው ጋር የሚነካካበት ቦታ ቆሽሾ ሊሆን ይችላል፤ በኮንታክት ማጽጃ ይጥረጉት። ኤፍቲ8 የሚባለውን ዲጂታል ዘዴ ከሞከሩ ኃይሉን ወደ 25 ዋት ያውርዱ፤ ያ ዘዴ ለ12 ሰከንድ ከግማሽ ያህል ሳያርፍ ነው የሚያስተላልፈው፤ ቲዩቦቹ አይችሉትም። በኮምፒውተር ብቻ መሥራት የሚፈልጉ ከሆነ እውነቱን ልናገር፣ ጓደኞችዎ ልክ ናቸው፤ አዲስ ይግዙ።

አንድ ነገር ቀረች። አንድ ቀን አገር ቤት ይዤው እገባለሁ ካሉ፣ ፈቃዱን አስቀድመው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይጠይቁ። ለመብራቱም የትራንስፎርመሩን አሰካክ ከ120 ወደ 220 ቮልት ሳይለውጡ እንዳይሰኩት፤ ፊውዙም አብሮ ይለወጣል።

አሁን ሁለቱን የግሪድ ንባቦች፣ ካፓሲተሯ እንዳለችና እግሯ ተላቆ ያሉትን፣ ይጻፉልኝ። እነሱን ካየሁ ቲዩብ መግዛት ያስፈልግዎ እንደሆነ እነግርዎታለሁ። እስከዚያ ድረስ ገንዘብዎን ለቲዩብ አያውጡ።