ደሟ ደህና ነው ተብሏል፤ ጀርባዋ ግን ሌሊት አላስተኛት አለ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ደሴ ነው፣ እኔ ዱባይ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምናና ኬሞ ወሰደች። አሁን ሌትሮዞል የሚባል ክኒን በየቀኑ ትወስዳለች። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ የጀርባዋ መሃል ያማታል። ሌሊት ይብስባታል። ዲክሎፌናክ ስትወጋ ትንሽ ያስታግስላትና ይመለሳል። የደም ምርመራ ተሠርቶላት ውጤቱን በቴሌግራም ላኩልኝ። ሄሞግሎቢን፣ ካልሲየም፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ ሲኤ 15-3፣ ሁሉም ኖርማል ነው። «ደሟ ደህና ነው፣ የዕድሜ ነው» ተባልን። ጎረቤት ደግሞ ወጌሻ ይያት እያለ ነው። ካንሰሩ ወደ አጥንቷ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ደሟ ላይ አይታይም ነበር?

መልስ፦ ላይታይ ይችላል። ይህን የምልዎት የእናትዎ ሕመም ካንሰር ነው ለማለት አይደለም። ግን የጡት ካንሰር የታከመች ሴት አዲስ የጀርባ ሕመም ሲጀምራት፣ ምስል ሳይነሳ «የዕድሜ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

የላኩልዎትን ውጤቶች አንድ በአንድ እንያቸው። ካልሲየም ከአጥንት ወደ ደም ሲወጣ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወግደዋል። በደም ውስጥ ከፍ ብሎ የሚታየው የሚለቀቀው መጠን ከኩላሊት አቅም በላይ ሲሆን ነው። ሌላም ነገር አለ። በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ዝቅ ካለ፣ ካልሲየሙ በእርግጥ ከፍ ብሎ ሳለ ወረቀቱ ላይ ኖርማል ሊመስል ይችላል። ስለዚህ አልቡሚኗ አብሮ መለካቱን ይጠይቁ።

አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ከጉበትም ከአጥንትም ይመጣል። የሚጨምረው አጥንት በብዛት አዲስ ሲሠራ ነው። ካንሰሩ ያረፈው አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ወይም አጥንቱን እየበላ አዲስ የማያሠራ ዓይነት ከሆነ፣ ቁጥሩ ላይነቃነቅ ይችላል። ሄሞግሎቢን የሚወርደው የአጥንት መቅኒ በሰፊው ሲያዝ ነው። ሲኤ 15-3 የጡት ካንሰርን ለመከታተል በደም ውስጥ የሚለካ ጠቋሚ ነው፤ ሁሉም የጡት ካንሰር ግን አያመነጨውም። በሽታው ተሰራጭቶም ሲኤ 15-3 ኖርማል የሚሆንባቸው ሕመምተኞች አሉ። የደም ምርመራ ከፍ ብሎ ሲገኝ ጥሩ ጥቆማ ይሰጠናል። ኖርማል ሆኖ ሲገኝ ግን ነፃ ናት ብለን እንድንፈርም አያስችለንም።

እኔን ከወረቀቱ ይልቅ ያሳሰበኝ እርስዎ የጻፉት ታሪክ ነው። የጡት ካንሰር ሲሰራጭ አዘውትሮ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች ዋናው አጥንት ነው፤ በተለይ አከርካሪ፣ ዳሌና የጎን አጥንት። እናትዎ ሌትሮዞል የሚወስዱት ካንሰራቸው በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ስለነበረ ነው። ይህ ዓይነቱ ከአምስት፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል። በዚያ ላይ ሕመሙ ሌሊት ይብሳል፣ ሁለት ወር ቆይቷል፣ ያለው ደግሞ የጀርባ መሃል ላይ ነው። በሥራ ብዛትና በዕድሜ የሚመጣው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ታች ወገብ ላይ ነው። ዲክሎፌናኩ ማስታገሱም ምንም አይነግረንም፤ የካንሰርን የአጥንት ሕመምም ያስታግሳል።

ምን ይነሱ? ራጅ ቀላልና ርካሽ ነው፣ ስብራት ካለም ያሳያል። ነገር ግን ከአጥንቱ ማዕድን ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ካልጠፋ ጉዳቱ በራጅ ላይ በደንብ አይታይም። ስለዚህ ራጁ ኖርማል ነው ብላችሁ እንዳታቆሙ።

ቦን ስካን መላ አጥንትን በአንድ ጊዜ ያሳያል። በደም ሥር ትንሽ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይወጋሉ፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ጠብቀው ካሜራው ሥር ይተኛሉ። የሚታየው ካንሰሩ ራሱ ሳይሆን አጥንቱ የሚያደርገው ጥገና ነው። በዚህ ምክንያት የድሮ ስብራትም፣ የመገጣጠሚያ መበላትም፣ ኢንፌክሽንም ይበራሉ። አጥንት እየበላ ጥገና የማያስነሳ ካንሰር ደግሞ ሊያመልጠው ይችላል።

ለእናትዎ እኔ የምመርጠው የመላው አከርካሪ ኤምአርአይ ነው፤ የሚያማቸው ቦታ ብቻ ሳይሆን መላው። በሽታው ካለ ሌላም ቦታ ሊኖር ይችላልና። ኤምአርአይ መቅኒውን ራሱን ስለሚያሳይ አጥንቱ ሳይፈርስ በፊት ለውጡን ይይዛል። ሕብለ ሰረሰር እየተጨነቀ መሆኑንም የሚያሳየን እሱ ነው። ሲቲ ስካን የአጥንቱን ጥንካሬ ለመገመትና ደረትና ሆድን አብሮ ለማየት ይጠቅማል። ፔት ስካን ባለበት አገር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያሳያል፣ ግን ኤምአርአይ እያለ እሱን ፍለጋ ጊዜ አታባክኑ።

አሁን ሌላውን ወገን ልንገርዎት፤ ምስሉ ላይ ነገር ቢገኝም ካንሰር ላይሆን ይችላል። ሌትሮዞል አጥንት ያሳሳል። የሳሳ አከርካሪ ሳይወድቁም ሊጨፈለቅና እንዲህ ሊያም ይችላል። የአከርካሪ ቲቢም እኛ አገር አለ፤ ሌሊት ያማል፣ ያከሳል፣ ያልባል። ጥሬ ወተት የሚጠጡ ከሆነ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ ኢንፌክሽንም ይታሰባል። ጉዳዩ ካልጠራ ከአጥንቱ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። ናሙናው ካንሰር ከሆነም ያገለግላል፤ የተመለሰው ካንሰር ጠባዩን ቀይሮ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱን ለመምረጥ ይረዳል። ሌትሮዞሉን በራሳቸው እንዳያቆሙት።

ወጌሻውን በተመለከተ እባክዎ ዛሬውኑ ይደውሉና ይከልክሉ። ወጌሻ ላይ ጥላቻ የለኝም። ነገር ግን ውስጡ የተበላ ወይም የሳሳ አከርካሪ ሲታሽና ሲጎተት ሊሰበር፣ ስብራቱም ሕብለ ሰረሰሩን ሊጫን ይችላል።

ከቀጠሮ በፊትም ቢሆን በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስሮጡ ምልክቶች አሉ፦ እግር መስነፍ ወይም መደንዘዝ፣ ሲሄዱ መንገዳገድ፣ ሽንት መከልከል ወይም ማምለጥ፣ ሰገራ ማምለጥ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ስሜት መጥፋት፣ ደረት ላይ እንደ መቀነት የሚያጠብቅ ሕመም። እነዚህ ሕብለ ሰረሰር እየተጨነቀ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሕክምናው ሲጀመር በእግሩ የሚሄድ ሰው ከዚያ በኋላም የመሄድ ዕድሉ ትልቅ ስለሆነ ነው። እግር ሙሉ በሙሉ ከሰነፈ በኋላ መመለስ ከባድ ነው። ብዙ ውሃ መጠማት፣ ሽንት መብዛት፣ ሆድ ድርቀትና መወዛገብ ከመጡ ደግሞ ካልሲየሟ በዚያው ቀን እንደገና ይለካ። የቀድሞው ውጤት ኖርማል ነበር ማለት ዛሬም ኖርማል ነው ማለት አይደለም።

የሚፈሩት ሆኖ ቢገኝስ? ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ይህን አልደብቅዎትም። ግን በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ሆኖ አጥንት ላይ ብቻ ሲገኝ፣ መድኃኒቱ ተቀይሮላቸው ለዓመታት ሥራቸውን እየሠሩ የሚኖሩ ሴቶች ብዙ ናቸው። ለሕመሙ አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ጨረር ብዙዎችን ያስታግሳል። አጥንት የሚያጠነክር ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባል መርፌም አለ። እሱ ከመጀመሩ በፊት ጥርሳቸውን ይታዩ፤ ከመርፌው በኋላ ጥርስ መንቀል መንጋጋ ሊጎዳ ይችላል።

ከዱባይ ሆነው ማድረግ የሚችሉት ትልቅ ነገር ወረቀት ማሰባሰብ ነው። የቀዶ ሕክምናውን የፓቶሎጂ ውጤት፣ የኬሞውን ማጠቃለያና የድሮ ምስሎችን ለካንሰር ሐኪማቸው ያድርሱ። የኤምአርአይ ማዘዣው ላይ «የጀርባ ሕመም» ብቻ እንዳይጻፍ ይንገሯቸው። «የጡት ካንሰር የታከመች፣ ሌሊት የሚብስ አዲስ የጀርባ ሕመም» ተብሎ ይጻፍ። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ምን እንደሚፈልግ ካወቀ ትንሿን ለውጥ ለይቶ የማየት ዕድሉ ይጨምራል።