ጥያቄና መልስ፦ ፒዲኤፍ ለማረም የትኛውን ፕሮግራም ልጫን?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ መምህር ነኝ። ቤቴ ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ሲሆን ራሙ 4 ጊጋባይት ነው። ኢንተርኔት የምጠቀመው በስልክ ዳታ ብቻ ነው። በፒዲኤፍ የሚደርሱኝን የአማርኛ ማስተማሪያ ጽሑፎች ማረም፣ ገጽ መቀነስና መጨመርም እፈልጋለሁ። የቱን ልጫን? መክፈልስ ግድ ነው?

መልስ፦ መክፈል ግድ አይደለም። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድመው የያዙትን ፒዲኤፍ ዓይነት ይለዩ፤ ብዙ ሰው ፕሮግራም ሲቀያይር የሚከርመው ይህን ሳያጣራ ነው። ፋይሉን ከፍተው አንድ አንቀጽ በማውስ ይምረጡና ኮፒ አድርገው ኖትፓድ ላይ ፔስት ያድርጉት። አማርኛው እንዳለ ከመጣ ይታረማል። ጭራሽ አልመረጥ ካለ ገጹ በስካነር የተነሣ ፎቶ ነው። የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ከመጣ ደግሞ በአሮጌ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው፤ ለሁለቱም ከፍኖተ ሰላም ለመጣው ጥያቄ ከታች የሰጠነውን መልስ ያንብቡ።

ለመጀመሪያው ዓይነት ሊብሬኦፊስ የተባለው የቢሮ ሥራ ፕሮግራም ይበቃዎታል። ነጻ ነው፤ መጫኛው ከ300 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ዋይፋይ ካለበት ቦታ አውርደው በፍላሽ ይዘውት ይምጡ። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ፒዲኤፉ የሚከፈተው ‹ድሮው› በሚባለው ክፍሉ ነው። ድሮው እያንዳንዱን መስመር ለብቻው የቆመ ሳጥን ያደርገዋል፤ ቃል ሲጨምሩ መስመሩ ከኅዳጉ አልፎ ይወጣል እንጂ ትርፉ ወደ ታች አይወርድም። ስለዚህ ቀን ለመለወጥ፣ የጥያቄ ቁጥር ለማስተካከል፣ የተገደፈ ፊደል ለመመለስ ይሁንዎት። ሙሉ አንቀጽ መጻፍ ካስፈለገ ዎርድ 2013ና ከዚያ ወዲህ የወጡት ፒዲኤፍ ይከፍታሉ፤ አንቀጹን መልሰው ያያይዙታል፣ ሠንጠረዥና ባለ ሁለት ዓምድ ገጽ ግን ያበላሻሉ።

አማርኛ ላይ የሚያስቸግር ሌላ ነገር አለ፤ ፕሮግራም ሲነጻጸር ሰው የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው። ፒዲኤፍ ሲዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ ፎንቱን በሙሉ አይዝም፤ በሰነዱ ውስጥ የገቡትን ፊደላት ብቻ ይዞ ይቀራል። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ነውና ጥቂት ገጽ ላይ ሁሉም ይገኛሉ። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ‹ጴ› በሰነዱ ውስጥ ካልነበረ እርስዎ ሲጨምሩት በሌላ ፎንት ይገባል፣ አለዚያም ባዶ ሳጥን ይሆናል። መፍትሔው ያንኑ ፎንት ኮምፒውተርዎ ላይ መጫን ነው። ስሙን ለማወቅ ፋይሉን በአዶቤ ሪደር ከፍተው ኮንትሮልና ዲን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ‹ፎንትስ› በሚለው ሥር ተዘርዝሯል። ኒያላ ከሆነ ዊንዶውስ 10 ላይ ‹ኦፕሽናል ፊቸርስ› ውስጥ ገብተው የኢትዮጵያን ተጨማሪ ፎንቶች ያስጨምሩት። ፎንቱን ካጡት ገጹን በሙሉ ወደ አቢሲኒካ ይቀይሩ፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሮቹን መልሶ ማስተካከል አይቀርም።

ገጽ ለመቀነስና ለመጨመር ፒዲኤፍሳም ቤዚክ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ይጫኑ። በ4 ጊጋባይት ራም 200 ገጽ በድሮው መክፈት ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፈዋል። የሚታረመውን ገጽ ብቻ በፒዲኤፍሳም ነጥለው አውጡትና በድሮው አርመው ወደ ቦታው ያጣምሩት።

አዶቤ አክሮባት አንቀጽን እዚያው ገጹ ላይ በማረም ከሁሉም ይሻላል፤ ሆኖም በውጭ ምንዛሪ በየጊዜው የሚከፈልበት ስለሆነ ለቤት ሥራ አንመክረውም። በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረውን ቅጂ) ደግሞ አደራ አይጫኑት፤ ፋይልዎን ሁሉ የሚቆልፍ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የራስዎን ጽሑፍ ግን በሊብሬኦፊስ ራይተር ጽፈው ወደ ፒዲኤፍ ሲቀይሩ ‹ሃይብሪድ ፒዲኤፍ› የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። ዋናው ጽሑፍ ፒዲኤፉ ውስጥ አብሮ ስለሚቀመጥ በሌላ ጊዜ በሊብሬኦፊስ ሲከፍቱት አንቀጹም ሠንጠረዡም እንደነበረ ይመጣል።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ በፒዲኤፍ አለ፤ የዎርዱ ፋይል ጠፍቷል። ሲነበብ ጥሩ አማርኛ ነው፣ ለማረም ስንከፍተው ግን የእንግሊዝኛ ፊደል ይሆናል።

መልስ፦ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ በሚሰጡት የጋራ ቁጥር) የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የፊደሉን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ የቀድሞ ፎንቶች እንዲህ ናቸው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ቁጥር ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ቢቀይሩ ለውጥ የለውም።

የሚያዋጣው ፊደሉን በቅርጹ ማስነበብ ነው። ጂኢሜጅሪደር የተባለው ነጻ ፕሮግራም ቴሰራክት በተባለው ፊደል ለይ ፕሮግራም አማካይነት አማርኛን ከምስል ላይ ያነባል። የአማርኛውን የቋንቋ ፋይል አብረው ያውርዱ፣ ፒዲኤፉን ይክፈቱ፣ ጥራቱን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ያድርጉ፣ ካለው ጽሑፍ እንዲገለብጥ ሳይሆን ከምስሉ እንዲያነብ ይዘዙት። የሚወጣው ጽሑፍ በዩኒኮድ ነው። ‹ለ›ንና ‹ሉ›ን፣ ‹ሰ›ንና ‹ስ›ን የመሰሉ ተቀራራቢ ፊደላትን ያምታታልና አንድ ሰው ከወረቀቱ ላይ እያነበበ ሌላው ያርም። የመዋጮ ገንዘብንና የአንቀጽ ቁጥርን ሁለት ጊዜ ያመሳክሩ። በስካነር ለተነሣ ሰነድም መንገዱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፣ ከቢቸና፦ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሬን ስካን አድርጌ በኢሜይል ልልክ ነበር፤ ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት በልጦ አልቀበል አለኝ። የመታወቂያ ቁጥሬንም መሸፈን እፈልጋለሁ።

መልስ፦ አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ ወደ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል፤ በ150 ዲፒአይ ነጥቡ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ጽሑፉም ይነበባል። በ150 ደግመው ስካን ያድርጉት፤ ወይም ፒዲኤፍ24 ክሪኤተርን ጭነው ‹ኮምፕረስ› በሚለው ይቀንሱት። እዚያው ኮምፒውተርዎ ላይ ስለሚሠራ የይዞታ ደብተርዎን ለማያውቁት ድረ ገጽ አይሰጡም።

ቁጥሩ ላይ ጥቁር ሳጥን መሳል አይበቃም፤ ሳጥኑ ሲነሣ ቁጥሩ ከሥር ይገኛል። ሊብሬኦፊስ ውስጥ ‹ቱልስ› ገብተው ‹ሪዳክት› በሚለው ሸፍነው ወደ ፒዲኤፍ ያውጡት፤ ገጹን ወደ ምስል ስለሚለውጠው ከሥሩ የሚቀር ነገር የለም። ከመላክዎ በፊት ያወጡትን ፋይል በድሮው ከፍተው ሳጥኑን በማውስ በመጎተት ይፈትሹ። ቁጥሩ ከሥር ብቅ ካለ በትክክል አልተሸፈነም ማለት ነው።