ሻሩክ ካን እውነት ትወና ይችላል?

ጥያቄ፦ እኔና ታላቅ ወንድሜ በሻሩክ ካን ጉዳይ መስማማት አቅቶናል። እኔ ፊልሞቹን እያየሁ ነው ያደግኩት። ወንድሜ ግን "ጉንጩ ስርጉድ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ አለቀ! ትወናው የታለ?" ይለኛል። በጣም ያናድደኛል፣ የምመልስለት ግን አጣሁ። እውነት ጎበዝ ተዋናይ ነው ወይስ ስለምንወደው ነው? የትኛውን ፊልም ላሳየው?
የህንድ ፊልም ወዳጅ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ትወና ይችላል። በደንብ ይችላል። ችግሩ ሁልጊዜ አይጠቀምበትም፤ ወንድምሽም ያየው የማይጠቀምበትን ጊዜ ይመስለኛል።

በ1995 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ ሲወጣ ሰውየው የፍቅር ንጉሥ ሆነ። ፊልሙ ሙምባይ በሚገኘው ማራታ ማንዲር ሲኒማ ቤት ለአሥርት ዓመታት ታይቷል። እንዲህ የተወደደ ሰው ምን ያደርጋል? ያንኑ ይደግማል። እጁን ይዘረጋል፣ ድምፁን ያንቀጠቅጣል፣ ዓይኑ እንባ ይሞላል፣ ተመልካቹም ያጨበጭባል። ብዙ የተወደሰበት ዴቭዳስ (2002) ላይ እንኳ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ስሜቱ ይቀንስብኛል። ይኸው ታሪክ በ1955 ሲሠራ የቀድሞው ዝነኛ ተዋናይ ዲሊፕ ኩማር በለሆሳስ እያወራ ነበር አንጀት የሚበላው። እዚህ ላይ ወንድምሽ እውነት አለው።

ግን ሻሩክ በመልኩ ብቻ ተመርጦ የገባ ልጅ አይደለም። ዴልሂ እያለ ባሪ ጆን ከሚመራው የቲያትር ቡድን ጋር መድረክ ላይ ሠርቷል። በ1989 ፋውጂ በሚባል የቴሌቪዥን ድራማ ታወቀ፣ የመጀመሪያ ፊልሙ በ1992 ወጣ። በ1993 ደግሞ ብዙ ጀማሪ የሚሸሸውን ነገር ደፈረ። ባዚጋር በተባለው ፊልም እሱን የምትወደውን ልጅ ከሕንፃ ላይ ገፍትሮ ይገድላታል። ዳር በሚባለው ፊልም ደግሞ ሴት የሚያሳድድ፣ ስሟን ሲጠራ የሚንተባተብ፣ የሚያስፈራ ሰው ነው። የፊልሙ ጀግና ሰኒ ዲኦል ሆኖ ሳለ ሰዉ ሲያወራ የከረመው ስለ ሻሩክ ነው። በሞገሱ ብቻ የሚኖር ሰው ገና ሥራ ሲጀምር ሊያስጠላው የሚችል ገጸ ባሕርይ አይዝም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ስዋዴስ (2004)። ሻሩክ እዚህ ላይ ሞሃን የሚባል የናሳ መሐንዲስ ነው፤ ያሳደገችውን ሴት ፍለጋ ከአሜሪካ ህንድ ይመጣና ገጠር ይቀመጣል። የታሸገ ውሃ ካልሆነ አይጠጣም። አንድ ቀን የመሬት ኪራይ እንዲያስከፍል ወደ አንድ ገበሬ ይላካል፤ ገበሬው ግን ልጆቹን የሚያበላው ነገር እንኳ የለውም። ሞሃን ባዶ እጁን ይመለሳል። ባቡሩ ጣቢያ ላይ ሲቆም አንድ ትንሽ ልጅ በመስኮት በኩል በሸክላ ኩባያ ውሃ ይሸጣል፣ አንዱን በ25 ፓይሳ (የህንድ ሳንቲም)። ሞሃን ይገዛና ይጠጣል። ይኼው ነው። ንግግር የለም ማለት ይቻላል፣ እጅ መዘርጋት የለም፣ ስርጉድ የለም። ፊቱ ላይ ግን እፍረቱም፣ ሐዘኑም፣ ስንት ዓመት አገሩን ረስቶ መኖሩም ይታያል። ስንቴ እንዳየሁት እንጃ፣ እስካሁን ጉሮሮዬን ያንቀኛል። እንዲያውም እዚህ ላይ ያ ሞገሱ የጠቀመው ይመስለኛል፤ ሲጮህና ሲስቅ የለመድነው ፊት ድንገት ዝም ሲል ነው ልብ የሚነካው።

የሚያሳዝነው ስዋዴስ ገበያ አልቀናውም። ለእኔ ትልቁ መልስ ያለው እዚህ ነው። እኛ ተመልካቾቹ ሻሩክ ሲጮህ አዳራሽ እንሞላለን፣ ዝም ሲል ቤታችን እንቀራለን፣ ከዚያ "ሁሌ አንድ ዓይነት ነው" ብለን እንወቅሰዋለን።

ሽልማት ከተነሳ፣ ፊልምፌር የሚባለውን የህንድ ፊልም ሽልማት በምርጥ ተዋናይነት 8 ጊዜ ወስዷል፣ ልክ እንደ ዲሊፕ ኩማር። ስዋዴስም ከ8ቱ አንዱ ነው። የህንድ መንግሥት የሚሰጠውን ብሔራዊ ሽልማት ግን ያገኘው ገና በ2025 ነው፣ ለዚያውም ጃዋን በተባለው የድብድብ ፊልም፣ ከተዋናዩ ቪክራንት ማሲ ጋር እኩል ተካፍሎ። እኔ ዳኛ ብሆን ለስዋዴስ ያኔውኑ እሰጠው ነበር።

ለወንድምሽ እንግዲህ ስዋዴስን አሳዪው። ከ3 ሰዓት በላይ ስለሆነ ትዕግሥት ከሌለው ቻክ ዴ ኢንዲያን (2007) አስቀድሚ። ሻሩክ እዚያ ላይ የህንድ ሆኪ ተጫዋች ሆኖ ከፓኪስታን ጋር ሲጫወቱ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ "አገሩን ሸጠ" የተባለ፣ በኋላ የሴቶች ሆኪ ቡድን አሠልጣኝ የሚሆን ሰው ነው። የፍቅር ታሪክ የለበትም፣ ስለዚህ ወንድምሽ የሚያማርርበት ነገር አያገኝም። ከወደደው በሳምንቱ ስዋዴስን ክፈቱ። ባቡሩ ጣቢያ ሲደርስ ግን ስልኩን ተቀበዪው።