መልስ፦ እያጠቡ የአስም ፓፍ መውሰድ

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ! «ወተቱን ይመርዘዋል ሲሉኝ ፓፉን ተውኩት» ያልሽው ግን አሳስቦኛል። ዛሬውኑ ጀምሪው። ሲያፍንሽ የሚከፍተው ሳልቡታሞልም ሆነ በየቀኑ የሚወሰደው መከላከያ ቤክሎሜታሶን በአፍ ሲሳብ ሥራው ሳንባ ላይ ነው። ወደ ደም የሚገባው ትንሽ፣ ወተት ውስጥ የሚደርሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ለልጁ የሚያሰጋው ያንቺ መታፈን ነው። ቤክሎሜታሶን ከሳብሽ በኋላ አፍሽን ተጉመጥመጪ። ሐኪም ለጥቂት ቀን ፕሬድኒሶሎን (የሚዋጥ የአስም መድኃኒት) ቢያዝልሽም ማጥባትሽን አታቋርጪ።

አለርጂም አለብኝ ላልሽው ሎራታዲን ወይም ሴትሪዚን ይሻላል። ክሎርፌኒራሚን የሚባለው የቆየ የአለርጂ መድኃኒት እናትንም ልጅንም ያስተኛል። ፋርማሲ «የጉንፋን ነው» ብለው ሲሰጡሽ ሱዶኤፌድሪን (የተዘጋ አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት) እንዳለበት ጠይቂ፤ እሱ ወተት ይቀንሳል።

ደብረ ማርቆስ ነኝ ብለሻል። በኛ በጎጃም አራስ ቤት ወይራ ማጨስ ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። ላስም ግን ጠላት ነው፤ እናትሽ ቢቀየሙም ይቅርብሽ። ጤፍ ሲወቃም ከአውድማው ራቂ፣ ብናኙ ያስነሳብሻል።

ልጁ ከወትሮው በላይ ካንቀላፋ ወይም መጥባት ካስጠላው ለሐኪም አሳዪው። አንቺም ፓፍ ወስደሽ ካልተሻለሽ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ።