ጅማ ላይ ከልጆች ጋር የሚኖሩበትን ሰፈር ስለ መምረጥ፦ ጥያቄና መልስ

በጅማ ትምህርት ቤቶች በመምህርነትና በሱፐርቫይዘርነት አገልግለው ጡረታ የወጡ አባላችን፣ ወደ ከተማዋ ለሚዛወሩ ቤተሰቦች ጥያቄ መልስ ለመስጠት ፈቅደዋል።

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ)፦ ባለቤቴ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስለተዛወረ በነሐሴ እንገባለን። ልጆቻችን 7 እና 11 ዓመታቸው ነው። መምህር፣ ጥሩ ትምህርት ቤትና መጫወቻ ያለው ሰፈር የትኛው ነው?

መልስ፦ እንኳን ደህና መጡ። ባለቤትዎ የሚሠሩት በዋናው ግቢ ነው፣ በግብርና ኮሌጁ ነው ወይስ ቂቶ ፉርዲሳ ባለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት? ግቢዎቹ የተራራቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ቤት የሚመረጠው ለአባት ቅርበት ተብሎ አይደለም፤ አባት ባጃጅ ይይዛል፣ የ7 ዓመት ልጅ ግን በእግሩ ደርሶ መመለስ አለበት። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ይምረጡ፣ ከዚያ በአካባቢው ቤት ይፈልጉ።

ጅማ ዝናባማ ከተማ ናት። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የምታገኝ ሲሆን፣ ዝናቡ ክረምትን ሳይጠብቅ ከመጋቢት ጀምሮ ስለሚመጣ የትምህርት ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽ ጭቃ ላይ ይውላል። የአዌቱ ወንዝም ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል። በጥር መጥቶ ቤት የሚከራይ ሰው አቧራ እንጂ ሌላ ነገር አያይም፤ በሚያዝያ ልጁ የሚሻገርበት ቦይ ሞልቶ ሲያገኘው አከራዩን ይወቅሳል። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው የሚገቡትን ልጆች ጫማ ይመልከቱ። በአንድ አቅጣጫ የሚመጡት ልጆች ሁሉ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ከሆኑ፣ በዚያ በኩል ያለውን ቤት ኪራዩ ቢረክስም ይተዉት። የቤቱንም ግድግዳ ከውጭ ይዩት፤ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ የተሸፈነ የውሃ ምልክት ሊኖር ስለሚችል ጎረቤት ሳይጠይቁ አይስማሙ።

ጥያቄ፦ የሁለት መኝታ ቤት ኪራይ ስንት ነው?

መልስ፦ ዋጋ ደላላ ይጠየቃል። እኔ የምለው፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዲጠየቅ አይፈቅድም። በጅማ እንዴት እንደሚፈጸም ከከተማው አስተዳደር ያረጋግጡ፤ ውሉንም በጽሑፍ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ የግል ትምህርት ቤት ይሻላል ወይስ የመንግሥት?

መልስ፦ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ልጁ በየትኛው ቋንቋ ሊማር ነው? በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ልጅዎ በአማርኛ ሲማር የቆየ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የአማርኛ ክፍል እንዳለውና ለየትኛው ክፍል እንደሆነ በአካል ሄደው ይጠይቁ። በአዲሱ አወቃቀር አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ ሲሆን፣ በ6ኛና በ8ኛ መጨረሻ ክልላዊ ፈተና አለ። የ11 ዓመቷ ልጅ 6ኛ ልትገባ ከሆነ፣ ፈተናውን በየትኛው ቋንቋ እንደምትወስድ ሳያውቁ አያስመዝግቡ። በዚህ ምክንያት አንድ ዓመት የደገሙ ልጆች አውቃለሁ።

አንድ አባል፦ መምህር ይቅርታ፣ ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነገር እንዳበቃለት አያሳይም?

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ በዚያ ፈተና የግሎቹም ወድቀዋል። የእኔ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት ተምረው አፋን ኦሮሞን እንደ ሰፈሩ ልጅ ይናገራሉ፤ የእርስዎ ልጆች ገበያ ሄደው ይከራከራሉ?

አንድ አባል፦ ገበያ ለመከራከር ትምህርት ቤት አይላክም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተዉ። ያ አኃዝ የአገር እንጂ የአንድ ትምህርት ቤት አይደለም። አንድን ትምህርት ቤት ለመመዘን በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥ ይቁጠሩ፤ መስፈርቱ ለአንደኛ ደረጃ 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ነው። በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ ልጁ ቀሪውን ግማሽ ቀን ከማን ጋር እንደሚውል አስቀድመው ያስቡ።

ጥያቄ፦ ጥሩ ሰፈር የትኛው እንደሆነ ቢነግሩን?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ለማን ጥሩ፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት አጠገብ? ሂርማታ መርካቶ ለነጋዴ ጥሩ ነው፤ ገበያው ሲደምቅ ግን፣ በተለይ ሐሙስ፣ ልጅ ብቻውን የሚሄድበት መንገድ አይደለም። ጅሬን ከፍታ ስለሆነ አየሩ ደስ ይላል፣ ዳገቱ ግን አለ። ቂቶ ሜዳማ ነው፣ ውሃም ይተኛበታል። በዝናብ ይሂዱና ይዩ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ልጆች የሚጫወቱበት መናፈሻስ?

መልስ፦ መናፈሻ ፍለጋ ሰፈር አይምረጡ፤ ግቢ ይፈልጉ። ዛፍ ያለበትና በሩ በቀጥታ ወደ አስፋልት የማይከፈት የጋራ ግቢ በየቀኑ ይጠቅማል። ለቅዳሜና እሑድ ጅሬን ኮረብታ ላይ ከ1878 እስከ 1932 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ፤ ልጆች ታሪክም ያያሉ፣ ሜዳም ያገኛሉ። ቦዬ ረግረግ ለወፍ ማየት ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ጥልቅ ውሃ ስላለበት ልጅ ያለ አዋቂ አይላክም። ረግረግ አጠገብ የምትከራዩም አጎበር አትርሱ፣ ወባ አለ።

ጥያቄ፦ ውሃና መብራት?

መልስ፦ ሮቶ ያለው ግቢ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ በኮንትራት ባጃጅ ብናመላልሳቸውስ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ሆኖም አንድ ሹፌር ስንት ልጅ እንደሚጭን በዓይንዎ ይዩ። ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ሰባት ልጅ ደርድሮ የሚሄድ ባጃጅ ትምህርት ቤት በር ላይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሹፌሩ በየቀኑ አንድ ሰው ይሁን፣ ስልኩም ለሞግዚቷ ይሰጥ።

ጥያቄ (የመጀመሪያዋ ጠያቂ)፦ ባለቤቴ የሚሠራው በዋናው ግቢ ነው። አንድ ደላላ ፎቶ ልኮልኛል፤ ቤቱ ያምራል፣ ቀብድ ልላክ?

መልስ፦ አይላኩ፣ እህቴ። ፎቶ መንገዱን አያሳይም። ባለቤትዎ ቀድመው ይምጡ፤ ነሐሴ ዝናብ ነውና መንገዱን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ወር የለም። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በእግራቸው ይሂዱ፣ ጎረቤት ያነጋግሩ፤ ቀብዱን ከዚያ በኋላ ይክፈሉ። እርስዎ ደግሞ የልጆቹን የዝውውር ወረቀት፣ ካርድና የልደት ምስክር ወረቀት ከአሁኑ ያዘጋጁ፤ የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት በክረምት ቢሮው ሊዘጋ ይችላል።