ስትራክት መጨረሻ ላይ ያለውን [1] ማጥፋት ብቻውን ይበቃል?

ሰላም ወንድሜ። የሲ ስትራክትህ (የተለያዩ መስኮችን በአንድ የሚይዘው መዋቅር) [1] ተብሎ በታወጀ አሬይ ያልቃል፤ በጂሲሲ 13 (የሲ ኮምፓይለር) «ስትሪክት-ፍሌክስ-አሬይስ»ን፣ ማለትም መጠኑ የሚለዋወጥ አሬይ ባዶ ቅንፍ ያለው ብቻ ነው የሚለውን አማራጭ፣ 3 ላይ አድርገህ ኮምፓይል ስታደርግ የአሬይ ወሰን ማስጠንቀቂያ በዛብህ፤ ቅንፉ ውስጥ ያለችውን 1 አጥፍቼ ባዶ ባደርገው ይበቃል ወይ ነው ጥያቄህ። አጥፋት፣ ግን መጀመሪያ በዚያ ስትራክት ላይ ሳይዝኦፍ (መጠኑን በባይት የሚነግርህ) የተጠራበትን ቦታ ሁሉ ፈልግ። አደጋው ያለው እዚያ ነው።

በቁጥር እንየው። በ64 ቢት ማሽን ላይ የኤለመንቶቹን ብዛት የሚይዝ ባለ 4 ባይት ቆጣሪ አለ፤ ከሱ ቀጥሎ እያንዳንዱ ኤለመንት 8 ባይት የሆነ አሬይ። በ[1] ሳይዝኦፍ 16 ነው፦ ቆጣሪው 4፣ ፓዲንግ (አሬዩ በ8 እንዲሰለፍ የሚገባ ባዶ ቦታ) 4፣ አንዱ ኤለመንት 8። የድሮው ኮድ ለ10 ኤለመንት ሜሞሪ ሲጠይቅ «ቆጣሪ ሲቀነስ 1» እያለ 16 ላይ 72 ይደምራል፤ 88 ባይት። ቅንፉ ባዶ ሲሆን ሳይዝኦፍ ወደ 8 ይወርዳል። ያ «ሲቀነስ 1» ማሎክ (ሜሞሪ የሚጠይቀው) ውስጥ ተረስቶ ከቀረ የምታገኘው 80 ባይት ብቻ ነው፤ 10ኛው ኤለመንት ሙሉ በሙሉ የሰው ሜሞሪ ላይ ይጻፋል። ኮምፓይለሩ ብዙ ጊዜ ምንም አይልህም፤ ፕሮግራሙም የሚወድቀው ሌላ ቦታ፣ ፍሪ (ሜሞሪውን የሚመልሰው) ሲጠራ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ያ ቅነሳ ድሮም ጤነኛ አልነበረም። ቆጣሪው 32 ቢት አንሳይንድ (ከ0 በታች የማይወርድ) ሆኖ 0 ሲገባበት፣ 0 ሲቀነስ 1 ማለት 4,294,967,295 ነው። ስለዚህ ቀመሩን «ሳይዝኦፍ ሲደመር ቆጣሪ ጊዜ የኤለመንት መጠን» አድርገው፤ ቁጥሩ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ማባዛቱ ሞልቶ እንዳይፈስ ቀድመህ አረጋግጥ። ሊኑክስ ከርነል ውስጥ ከሆንክ «ስትራክት_ሳይዝ» ይህን ይሠራልሃል።

[0] ያለበትም ይቀየር። እሱ የጂኤንዩ ተጨማሪ እንጂ የሲ ስታንዳርድ አይደለም፤ አሬዩ ላይ ሳይዝኦፍ ስትጠራ በዝምታ 0 ይመልሳል። ከሲ99 ጀምሮ ያለው ባዶ ቅንፍ ግን እዚያው ኤረር ይሰጥሃል፤ ስህተቱ ኮምፓይል ላይ ቢያዝ ነው የሚሻለው።

ስትራክቱን እንዳለ ወደ ፋይል ወይም ወደ ኔትወርክ የምትጽፍ ከሆነ በጣም ተጠንቀቅ፤ በሳይዝኦፍ የሚጻፈው ባይት ስለሚቀንስ የድሮው አንባቢ ይሳሳታል። አሬዩ የሚጀምርበት ቦታ እንዳልተነካ በኦፍሴትኦፍ (ከስትራክቱ መጀመሪያ ያለውን ርቀት በባይት የሚነግርህ) እና በስታቲክ አሰርት (ኮምፓይል ላይ የሚፈትሽ) እሰረው፤ በምሳሌያችን 8 መሆን አለበት። ይህ ስትራክት ሌላ ስትራክት መሃል ገብቶ ከሆነም አውጣው፤ ጂሲሲ 14 ላይ ለዚህ ራሱን የቻለ ማስጠንቀቂያ አለ። ከዚያ በአድሬስ ሳኒታይዘር (ከወሰን ውጭ የሚነካን ሜሞሪ የሚይዝ) ገንብተህ በ0፣ በ1 እና በ10 ኤለመንት ፈትነው።

ጂሲሲ 15 ካለህ አሬዩ ላይ «ካውንትድ_ባይ» ጨምርና ከቆጣሪው ጋር እሰረው፤ በባውንድስ ሳኒታይዘር ወይም በፎርቲፋይ (ሁለቱም የወሰን መፈተሻ አማራጮች ናቸው) ስትገነባ ወሰኑ ፕሮግራሙ እየሠራ ሊፈተሽ ይችላል። ብዙዎች የሚወድቁበት ቅደም ተከተሉ ነው፦ ሜሞሪው እንደተገኘ ቆጣሪውን ሙላ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አሬዩን ንካ። ካሎክ (ሌላው ሜሞሪ ጠያቂ) ሁሉንም 0 ስለሚያደርገው፣ ቆጣሪው ሳይሞላ ወደ አሬዩ በሜምኮፒ (ባይት ገልባጩ) ከገለበጥክ ፎርቲፋይ የአሬዩን መጠን 0 ብሎ ሊያነበውና ፕሮግራምህን ሊያስቆመው ይችላል።