የቤትና የቤት ዕቃ መድን ዋጋ ተወዳዳሪ መሆኑ በምን ይታወቃል? (ጥያቄና መልስ)

በብሪታንያ በምንኖር ሐበሾች ዘንድ የቤት መድን ውል በሚታደስበት ሰሞን አዘውትሮ የሚነሣው ጥያቄ «የተጠየቅሁት ዋጋ ደኅና ነው ወይስ ተበልጫለሁ?» የሚል ነው። በመድን ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየሁ በመሆኔ፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እመልሳለሁ። በምሳሌነት የማነሣቸው ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ደቡብ ለንደን ያለውን ባለ ሦስት መኝታ ቤታችንን መድን ለማደስ 310 ፓውንድ ተጠይቀናል። እዚያው ሰፈር ያለች ጓደኛዬ የምትከፍለው ግን 190 ነው። ውድ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ የገዛችሁት ሽፋን አንድ ላይሆን ይችላልና። የጓደኛዎ ኤክሰስ፣ ማለትም ጉዳት ሲደርስ በቅድሚያ ከኪሷ የምትችለው ድርሻ፣ 500 ፓውንድ ሆኖ የእርስዎ 100 ከሆነ፣ ወይም የእርስዎ ውል ልጅ በድንገት ቴሌቪዥን ቢሰብር ጭምር የሚከፍል ሆኖ የእርሷ ይህን የማይጨምር ከሆነ፣ ልዩነቱ ምክንያት አለው። የቤቱ ዕድሜ፣ ጣሪያው የተሠራበት ነገር፣ ከዚህ በፊት የተጠየቀ ካሳ መኖሩ፣ የመንገዱ የጎርፍ ታሪክ፣ እንዲሁም ብዙው የለንደን ክፍል የተቀመጠበት የሸክላ አፈር በደረቅ በጋ እየተሰነጠቀ መሠረትን ማስመጡ ሁሉ በሒሳቡ ውስጥ ይገባሉ።

ስለዚህ ቤትዎን የሚያወዳድሩት ከራሱ ጋር ነው። የእድሳት ደብዳቤዎን ከፊትዎ ያስቀምጡና ለሕንፃው የተገባውን የመድን መጠን፣ ለዕቃው የተገባውን፣ ግዴታ የሆነውንና (ኩባንያው የሚወስነውን) በፈቃድ የሆነውን (እርስዎ የሚመርጡትን) ሁለቱንም ኤክሰሶች፣ ለአንድ ዕቃ የሚከፈለውን ከፍተኛ ገንዘብ፣ የድንገተኛ ጉዳት ሽፋን መኖር አለመኖሩን፣ ከቤት ውጭ ለሚያዝ ዕቃ የተሰጠውን ሽፋን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ይህንኑ ሳይለውጡ ቢያንስ ለአራት ወይም ለአምስት መድን ሰጪዎች ያቅርቡ። አብዛኞቹ ከ200 እስከ 230 ፓውንድ ካሉ፣ የእርስዎ 310 በእርግጥ ውድ ነው። አብዛኞቹ ወደ 300 ተጠግተው አንዱ ብቻ 150 ካለ ግን፣ ያ አንዱ የተወው ነገር ሊኖር ስለሚችል ከመደሰትዎ በፊት ውሉን ያንብቡት።

ጥያቄ፦ የዋጋ ማወዳደሪያ ድረ ገጾች አይበቁም?

መልስ፦ ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ሁሉንም መድን ሰጪ ግን አይዙም፣ ከሚያሻሽጡት ውልም ኮሚሽን ያገኛሉ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሰዎች ሳያዩ የሚያልፉት ነገር ነው፦ አንዳንድ መልሶች አስቀድመው ተሞልተው ይመጣሉ፣ ለምሳሌ የበር ቁልፉ ዓይነት ወይም ጣሪያው ዝርግ አለመሆኑ፤ ዋጋው ዝቅ ብሎ እንዲታይም የፈቃድ ኤክሰሱ ከፍ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ከመድን ሰጪው ስም አጠገብ የሚታየው፣ የመድን ውሎችን የሚመዝነው ዲፋክቶ የተባለ ድርጅት የሚሰጠው ኮከብ የሽፋኑን ስፋት እንጂ ዋጋውን አይመዝንም። መጠየቁ በብድር ታሪክዎ ላይ ጉዳት ስለማያስከትል ደጋግመው ከመሞከር አይፍሩ።

ዋጋ መጠየቁን እስከ መጨረሻው ቀን አያቆዩት፤ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ቢጀምሩ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ከአንድ ኩባንያ ጋር ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ። ደንበኝነቴ ዋጋ አያስቀንስልኝም?

መልስ፦ ቀድሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ሳይጠይቅ የሚያድስ ደንበኛ በየዓመቱ ዋጋው ይጨመርበት ነበር። ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ያወጣው ደንብ፣ መድን ሰጪው ነባሩን ደንበኛ በተመሳሳይ መንገድ ለሚመጣ አዲስ ደንበኛ ከሚሰጠው ዋጋ በላይ እንዳያስከፍል ይከለክላል። የእድሳት ደብዳቤውም ያለፈውን ዓመት አረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የተከፈለውን ዋጋ፣ ማሳየት አለበት። ይህ ግን የሚጠብቅዎ በዚያው ኩባንያ ውስጥ ነው፤ ሌላው ኩባንያ ከዚያ ባነሰ ሊሸጥ ስለሚችል ማወዳደሩ ዛሬም አይቀርም። የተሻለ ዋጋ ሲያገኙ ለነባሩ መድን ሰጪ ደውለው ይንገሩት፤ ብዙ ጊዜ ይቀንሳሉ።

ጥያቄ፦ ቤታችን በገበያ 520 ሺህ ፓውንድ ያወጣል። መድኑን በዚህ ልክ እንግባ?

መልስ፦ አይደለም። መድን የሚገባው ቤቱ ፈጽሞ ቢወድም መልሶ ለመገንባት ለሚፈጀው ወጪ ነው፤ እርሱም ፍርስራሽ ማንሣትንና የመሐንዲስ ክፍያን ይጨምራል፣ የመሬቱን ዋጋ ግን አይጨምርም። በለንደን ይህ መጠን ብዙውን ጊዜ ከገበያ ዋጋ ያንሳል። ቤቱን ሲገዙ የተሠራው የግምት ሪፖርት ላይ ተጽፎ ሊያገኙት ይችላሉ። ፍላቱ ሊዝሆልድ፣ ማለትም መሬቱ የሌላ ሰው ሆኖ እርስዎ ለረጅም ዘመን በሊዝ የያዙት፣ ከሆነ ደግሞ ሕንፃውን በአብዛኛው የሚያስመድነው ባለ መሬቱ ነው፤ እርስዎ የሚያስፈልግዎ የዕቃ መድን ብቻ ስለሚሆን ለሕንፃ ሁለተኛ እንዳይከፍሉ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አረቦኑ እንዲቀንስ ዕቃችንን በ20 ሺህ ብቻ ብናስመዘግብስ?

መልስ፦ ይህን እባካችሁ አታድርጉት። ዕቃችሁ በእርግጥ 40 ሺህ የሚያወጣ ከሆነ፣ በብዙ ውሎች መሠረት መድን ሰጪው ካሳውን በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ የ6 ሺህ ፓውንድ ጉዳት ቢያደርስ 3 ሺህ ብቻ ተከፍሏችሁ ቀሪው በእናንተ ላይ ይወድቃል። ከአረቦኑ የተረፈው ደግሞ ጥቂት አሥር ፓውንድ ነው።

ሰዎች የዕቃቸውን ዋጋ አሳንሰው የሚገምቱት ትልልቁን ብቻ ስለሚቆጥሩ ነው። አንድ የልብስ ቁም ሣጥን ከፍታችሁ ቁጠሩ፦ ካፖርቶቹ፣ ጫማዎቹ፣ የሥራ ልብሱ፣ የጥምቀትና የሠርግ ሐበሻ ቀሚሶቹ፣ ጋቢውና ነጠላው። እያንዳንዱን ዛሬ አዲስ ለመግዛት ወይም በጥልፍ አሠርቶ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ስንት ይፈጃል? አሮጌውን በአዲስ የሚተካ ውል የሚሰላው በዛሬ ዋጋ ነውና፣ ያን ጊዜ የገዛችሁበትን አትጻፉ። ከየክፍሉ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ከቤት ውጭ አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ለገና ኢትዮጵያ ሄደን ሁለት ወር እንቆያለን። መድኑን ይነካዋል?

መልስ፦ በጣም ይነካዋል፤ ለእኛ ማኅበረሰብ ከሁሉም ጥያቄዎች ይልቅ ይህ ትኩረት ይሻል። አብዛኞቹ ውሎች ቤቱ ለ30 ተከታታይ ቀናት፣ አንዳንዶቹም ለ60፣ ሰው ካልኖረበት የስርቆትና የውኃ መፍሰስ ሽፋናቸው ይቋረጣል። ቧንቧ በብርድ የሚፈነዳው ደግሞ እናንተ አዲስ አበባ ባላችሁበት በጥር ወር ነው። ቁልፍ የያዘ ዘመድ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቅ ማለቱ ብቻውን ቤቱን «ሰው የሚኖርበት» አያሰኘውም። አንዳንድ መድን ሰጪዎች ማሞቂያው እንዲበራ ወይም ውኃው ከዋናው እንዲዘጋ ያዝዛሉ።

ስለዚህ በየዓመቱ የምትጓዙ ከሆነ የ60 ቀን ፈቃድ ያለው 240 ፓውንድ ውል፣ 30 ቀን ብቻ ከሚፈቅድ የ200 ፓውንድ ውል ለእናንተ ይረክሳል። ከመጓዛችሁ በፊት ለኩባንያው አሳውቁና ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ።

ጥያቄ፦ የዕቁብ ሰብሳቢ ስለሆንኩ አልፎ አልፎ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ቤቴ ያድራል። ወርቅም አለን።

መልስ፦ በብዙ ውሎች ለጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ከጥቂት መቶ ፓውንድ አይበልጥም፤ የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ሲሆን ያም ላይከፈል ይችላል። የዕቁቡ ብር በባንክ ይተላለፍ እንጂ በመድን አይታመን። ለወርቁ የአንድ ዕቃ ጣሪያውን ይመልከቱ፤ 1,500 ፓውንድ የተለመደ ነው። ከዚያ በላይ የሚያወጣውን የአንገት ሐብል ለብቻው ያስመዝግቡት፣ የግምት ማስረጃም ይያዙ። ከዚያ ሐብሉን ጨምረው ለሁሉም ኩባንያዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቅርቡ፤ ወርቅ ሲገባ የዋጋው ደረጃ ብዙ ጊዜ ይገለባበጣልና።

ጥያቄ፦ አንድ ክፍል አከራይተናል፤ መናገር አለብን?

መልስ፦ አዎን። ተከራይ ሲኖር ስርቆት የሚከፈለው በር ተሰብሮ ሲገባ ብቻ እንዲሆን የሚያደርጉ ውሎች ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ በየወሩ መክፈል ይሻላል ወይስ በአንድ ጊዜ?

መልስ፦ ከቻሉ በአንድ ጊዜ። 240 ፓውንድ የነበረው በየወሩ 23 ሲባል በዓመት 276 ይሆናል። የግድ በየወሩ የሚከፍሉ ከሆነ ኩባንያዎቹን በዓመቱ ድምር ያወዳድሯቸው።

ጥያቄ፦ ርካሹ ኩባንያ ጉዳት ሲደርስ እንደሚከፍል በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን መድን ሰጪዎች ከቀረበላቸው የካሳ ጥያቄ ምን ያህሉን እንደተቀበሉ የሚያሳይ መረጃ ያወጣል። የፋይናንስ እንባ ጠባቂውም በየኩባንያው ላይ የቀረበውን አቤቱታና ከዚያ ውስጥ ለደንበኛው የተፈረደውን ድርሻ ያሳትማል። ሁለቱንም ማየት ነጻ ነው። ኩባንያው በባለሥልጣኑ መዝገብ ላይ መኖሩንም ያረጋግጡ፣ በተለይ ውሉ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የቀረበልዎ ከሆነ። ካሳ ተከልክለው ቅሬታ ካቀረቡ ኩባንያው የመጨረሻ መልሱን ለመስጠት ስምንት ሳምንት አለው፤ መልሱ ከደረሰዎ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ለእንባ ጠባቂው ማመልከት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሳምንት በጣም ርካሽ ውል ገዛሁ። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በፊት ለውኃ ጉዳት ካሳ መቀበሌን አልሞላሁም። ዝም ልበል?

መልስ፦ ዝም አይበሉ። መድን ሰጪዎች ያለፉ የካሳ ጥያቄዎችን በጋራ መዝገብ ስለሚያዩት፣ ነገሩ የሚወጣው እርስዎ ካሳ በሚጠይቁበት በክፉ ቀን ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የብሪታንያ ሕግ መሠረት በቸልተኝነት የተሳሳተ መልስ ካሳውን ሊያስቀንስ ይችላል፤ ሆን ተብሎ የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ውሉን ያፈርሰዋል። ዛሬውኑ ደውለው ያሳርሙትና አዲሱን ዋጋ ይጠይቁ። ከፍ ካለብዎ ውሉን ከተቀበሉ ገና 14 ቀን ስላልሞላ፣ የተሸፈኑባቸውን ቀናት ሒሳብና ምናልባት ጥቂት የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ከፍለው መውጣት ይችላሉ። ያን ካሳ ጨምረው እንደገና ሲያወዳድሩ የሚያገኙት ዋጋ ነው ትክክለኛው የእርስዎ ዋጋ።